‹መቧደን› እና ‹መመደብ›፦ የተጠቃሚ ቡድን አስተዳደር ቃላት ከማጂ ታሪክ አንጻር

፩. መግቢያ

ለአንድ የሙያ ቃል አቻ ሲፈለግ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ። አንደኛው የታሰበው ቃል ነገሩን በትክክል ይገልጻል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቃሉ ከዚህ ቀደም የት ሲያገለግል ኖረ፣ ከዚያስ ምን ይዞ መጣ የሚል ነው። የመጀመሪያውን የሙያው ሰዎች ሊመልሱት ይችላሉ፤ ሁለተኛው ግን የታሪክ ጥያቄ በመሆኑ የመዝገበ ቃላት አዘጋጁን ከመዝገቡ አውጥቶ ወደ አገሩ ይመራዋል።

በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ጥያቄ በአንድ ጠባብ የቃላት ዘርፍ ላይ ለመመርመር እንሞክራለን። ዘርፉ በኮምፒዩተር ሙያ የተጠቃሚ ቡድኖችን በትእዛዝ መስመር ማስተዳደር የሚባለው ነው። የትእዛዝ መስመር ማለት አስተዳዳሪው በሥዕልና በመስኮት ሳይረዳ ትእዛዙን በፊደል ጽፎ ለመሣሪያው የሚያስተላልፍበት መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ቡድን ይፈጠራል፣ ሰው ይጨመርበታል፣ ሰው ይወጣበታል፣ ቡድኑም ይሰረዛል። ሥራው በመልኩ ቀላል ነው፤ ቃላቱ ግን ቀላል አይደሉም። ‹ቡድን›፣ ‹ባለቤት›፣ ‹ተጠቃሚ›፣ ‹ፈቃድ›፣ ‹ምደባ› የሚሉት ቃላት ኮምፒዩተር ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት ረጅም ዕድሜ የኖሩ፣ ሰውን ከሰው፣ ሰውንም ከመሬት ጋር ያስተሳሰሩ ቃላት ናቸው።

ለምርመራችን የመረጥነው አገር ማጂ ነው። ምክንያታችንም ግልጽ ነው። ሰዎችን በዝርዝር አስፍሮ በትእዛዝ መደልደል ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ድልድሉ ያለ ጥንቃቄ ሲለዋወጥም ምን እንደሚያስከትል በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ እንደ ማጂ በግልጽ የታየበት ቦታ ጥቂት ነው። ዛሬ በአካባቢው በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚያ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተል ተማሪ እነዚህን ጽንሰ ሐሳቦች የሚማረው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ለጓደኛው ሲያስረዳ ግን በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ይናገራል። ቃሉ ከመዝገብ ሳይሆን ከአፍ የሚወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ቃሉን አስቀድሞ መመዘን የአካዳሚ ሥራ ነው።

፪. በራሱ የሚቆምና በትእዛዝ የሚቆም ስብስብ

አማርኛ ሰዎች ስለሚሰበሰቡባቸው መንገዶች እጅግ ባለጸጋ ነው። ይህን ሀብት ስንመረምር ቃላቱ በሁለት ወገን እንደሚከፈሉ እናያለን።

የመጀመሪያው ወገን አባላቱ ራሳቸው የሚያቆሙት ስብስብ ነው። ማኅበር ‹ኀበረ› ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ሲሆን መሠረታዊ ፍቺው መተባበርና አንድ መሆን ነው። በጻድቅ ወይም በሰማዕት ስም ወር በገባ ቁጥር ተራ ገብተው የሚደግሱ ማኅበርተኞች የራሳቸው ሙሴ፣ የራሳቸው የመግቢያና የመውጫ ሕግ አላቸው። ዕድር፣ እቁብ፣ ሰንበቴ፣ ደቦ፣ ጅጌ፣ ወንፈል ሁሉም ከዚህ ወገን ይመደባሉ። ሰውየው ወደ ስብስቡ የሚገባው ፈልጎ ነው፤ የሚወጣውም በሕጉ ነው።

ሁለተኛው ወገን ከላይ በሚመጣ ትእዛዝ የሚቆም ስብስብ ነው። እዚህ ላይ የጦር ሥርዐት ቃላት ዋነኞቹ ናቸው። አሥር አለቃ፣ አምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ የሚሉትን ስንመለከት ማዕረጉ የተሰየመው በሰዎቹ ማንነት ሳይሆን በቁጥራቸው ነው፤ ሻለቃ ‹ሺ አለቃ› ከሚለው የተሳበ መሆኑ የታወቀ ነው። ወታደሩ በክፍሉ ውስጥ የቆመው ስለ ቆጠሩት ነው።

ይህ ልዩነት በግሦቹ ቅርጽ ላይ ጭምር የሚታይ መሆኑ ለሰዋስው ተመራማሪ ትኩረት የሚሰጥ ነው። ከ‹ቡድን› ጋር የሚሄደው ግሥ ዘወትር የሚሰማው ‹ተቧደነ› በሚለው የተደራራጊ መልኩ ነው። ‹ሰዎቹ ተቧደኑ› ሲባል አድራጊዎቹም ተደራጊዎቹም ራሳቸው ናቸው። ሌላ ሰው ሲያስተባብራቸው እንኳ ‹አቧደናቸው› ይባላል፤ ትርጉሙም እርስ በርስ እንዲገናኙ አደረገ ማለት ነው። ‹መደበ› ግን አድራጊና ተደራጊ የተለያዩበት ግሥ ነው። ‹ተመደበ› የተባለ ሰው መዳቢው ሌላ ነው፤ እርሱ የተመደበበትን ቦታ ይቀበላል እንጂ አይመርጥም።

እንግዲህ አንድ ስብስብ ‹ቡድን› ሲባልና ‹ምድብ› ሲባል በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚሰማው ነገር አንድ አይደለም። ይህን ልዩነት ይዘን ወደ ማጂ እንሻገር።

፫. ማጂ፦ ሰው በዝርዝር ሲሰፍር

ማጂ በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከኦሞ ወንዝ በስተምዕራብ የሚገኝ ደጋማ አገር ነው። በደጋው የኖሩት በአብዛኛው ዲዚዎች ሲሆኑ፣ በቆላውና በዙሪያው ሱሪዎችና ሜኤኖች ይኖራሉ። በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የካፋን ንጉሥ ጋኪ ሻሮቾን ከማረከ በኋላ፣ የማዕከላዊው መንግሥት ሠራዊት ወደ ደቡብ ምዕራብ ወሰን መግፋቱን ቀጠለ፤ ማጂም ብዙም ሳይቆይ በዚሁ አስተዳደር ሥር ገባ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሥርዐት የገባር ሥርዐት ነው። መንግሥቱ ሩቅ አገር ላሰፈረው ወታደር ደመወዙን በገንዘብ የመክፈል ዐቅም ስላልነበረው በገንዘብ ፈንታ ገባር ደለደለለት። ወታደሩ እንደ ማዕረጉ የተወሰኑ ቤተ ሰቦች ይሰጡታል፤ እነዚህም እህልና ማር ያገቡለታል፣ እርሻውን ያርሱለታል፣ እንጨት ይለቅሙለታል፣ ይፈጩለታል፣ ቤቱን ይሠሩለታል፣ በጉዞ ላይ ጓዙን ይሸከሙለታል። መሬት በገመድ እየተለካ በቀላድ በተሸነሸነባቸው አገሮች የድልድሉ መሠረት እየቆየ መሬት ሆኗል። በማጂና በአካባቢው ግን በዋነኛነት የተቈጠረው ሰው ነበር። የዝርዝሩ መስፈሪያ ጋሻ ሳይሆን ነፍስ ሆነ ማለት ነው።

‹ገባር› የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል። መነሻው ማድረግንና መሥራትን የሚያመለክተው የግእዙ ‹ገብረ› ነው። ‹ግብር› በአማርኛ ሥራም፣ ለመንግሥት የሚከፈል ገንዘብም፣ ለሹምና ለሠራዊት የሚጣል ድግስም ይባላል። ‹ገባር› ከዚህ ሥር የወጣ የአድራጊ ስም ሲሆን፣ በቃሉ አፈጣጠር ‹የሚሠራ› የሚል ነው። በታሪኩ ግን የሚሠራለት ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ ሆነ። ዛሬ ቃሉ ያለ ሕመም የሚነገረው በጂኦግራፊ ትምህርት ነው፤ ወደ ኦሞ የሚፈስሰውን ወንዝ ‹ገባር ወንዝ› እንለዋለን። ቃል በአንድ ቦታ ቁስሉን ጥሎ በሌላ ቦታ እንዲህ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል።

የማጂ መከራ የተባባሰው በድልድሉ መኖር ብቻ አልነበረም፤ ድልድሉ በተደጋጋሚ መቀያየሩ የከፋ ውጤት አስከትሏል። አንድ ገዥ ሲሻር የእርሱ ተከታዮች አብረው ይነሣሉ። ተከታዮቹ ከገባሮቻቸው ከፊሉን በባርነት ይዘው ይሄዳሉ፤ አዲሱ ገዥ የራሱን ሠራዊት አስከትሎ ሲመጣ ለዚህም ገባር ይፈለጋል፤ ከተረፉት ላይ እንደ ገና ይደለደላል። በዚህ ላይ የዝሆን ጥርስና የጦር መሣሪያ ንግድ፣ የባሪያ ፍንገላም ተጨመረ። በዚህ አዙሪት የዲዚ ሕዝብ ቁጥር እጅግ ተመናመነ፤ ብዙ መንደርም ጠፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በማጂ የብሪታኒያ ቆንስላ ነበር፤ ቆንስሉ አርኖልድ ሆድሰንም ስለ አገሩ መጽሐፍ ጽፏል። ኋላም ጀርመናዊው ኤይከ ሃበርላንድ የዲዚን ማኅበራዊ ሥርዐት፣ ፒተር ጋረትሰን ደግሞ የማጂን ወሰን የዝሆን ጥርስ፣ የባሪያና የመሣሪያ ንግድ አጥንተዋል።

እዚህ ላይ ለቃላት ሰው አንድ ጉዳይ ጎልቶ ይታያል። ‹ማጂ› የሚለው ስም ለሕዝቡና ለቋንቋው መጠሪያነት የዋለው በውጭ ሰዎች ዘንድ ነው፤ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው ዲዚ ብሎ ነው። በቋንቋ ጥናት መጻሕፍት ዲዚ፣ ሸኮና ናዪ የሚባሉት ቋንቋዎች ዛሬም ‹የማጂ ቋንቋዎች› በሚል መጠሪያ ተጠቃለው ይገኛሉ። በተመሳሳይ ቤንቾች ‹ጊሚራ›፣ ሜኤኖች ‹ቲሻና› ተብለው በመዝገብ ሰፍረው ኖረዋል። ዝርዝሩን የሚጽፈው ሰው ስሙንም ሰጠ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ሰው ግን በቤቱ ሌላ ስም ነበረው።

በሕግ በኩል የ1916 ዓ.ም. የባርነት ዐዋጅና የ1923 ዓ.ም. ሕግ ባርነትን ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት የታለሙ ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የባርነት ሕጋዊ ህልውና ተሰረዘ፤ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር ሕጎችም የገባርን ግዴታ በገንዘብ በሚከፈል ግብር ተኩ። ሥርዐቱ በሕግ ቢቀርም የመሬቱ ባለቤትነት ጥያቄ ግን እስከ አብዮቱ ዘመን ዘለቀ።

፬. ማኅበር በዐዋጅ፣ ተጠቃሚም በሕግ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። በዚህ ዐዋጅ መሠረት 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሚያህል መሬት ላይ የገበሬዎች ማኅበር እንዲቋቋም ተወሰነ፤ ለአንድ ገበሬ የሚደርሰው መሬትም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደነገገ።

ከቃላት ታሪክ አንጻር ይህ ዐዋጅ ሁለት ነገሮችን ለውጧል። አንደኛ፣ ‹ማኅበር› የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ወገን ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። ሰዎች ፈልገው ከሚጠጡት የማርያም ማኅበር ተነሥቶ ስፋቱ በሄክታር የተለካ፣ አባልነቱ በመኖሪያ ቦታ የተወሰነ የመንግሥት መዋቅር መጠሪያ ሆነ። በማጂ አውራጃም እንደ ሌላው አገር ሁሉ ገበሬው የማኅበር አባል የሆነው ስለ ተመዘገበ ነው። ቃሉ የውዴታ መልኩን እንደ ያዘ የትእዛዝ ሥራ መሥራት ጀመረ።

ሁለተኛ፣ ‹ባለቤት›፣ ‹ባለይዞታ› እና ‹ተጠቃሚ› የሚሉት ቃላት በጥብቅ ተለያዩ። ገበሬው በመሬቱ ይጠቀማል፣ ይዞታውም ይታወቅለታል፤ ሆኖም ሊሸጠው አይችልም፤ ባለቤትነቱ የሌላ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ሲያደርግ ይህ ልዩነት ጸንቶ ቀጥሏል። በመሆኑም ማንኛውም የአማርኛ ተናጋሪ ገበሬ ‹መጠቀም› ከ‹ባለቤትነት› ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ቀጥለን ለምናነሣው የኮምፒዩተር ጉዳይ ያልታሰበ መሣሪያ ሆኖ እናገኘዋለን።

፭. የዩኒክስ ቡድን አመጣጥና አሠራር

ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለብዙ አገልግሎት ሰጪ ኮምፒዩተሮች መሠረት የሆነው የቡድን አሠራር የመጣው ከዩኒክስ ነው። ዩኒክስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ የተገነባ ሥርዐት ነው። የመጀመሪያው መመሪያ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲወጣ ሥርዐቱ የሚያውቀው ባለቤትንና ከባለቤት ውጭ ያለውን ሰው ብቻ ነበር፤ ቡድን የሚባል ሦስተኛ ወገን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው ስድስተኛ እትም ግን ቡድን ቦታውን ይዞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው ሊኑክስም ይህንኑ አሠራር ወርሷል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ስምና ቁጥር አለው፤ እያንዳንዱ ቡድንም እንዲሁ። መሣሪያው የሚያምነው ቁጥሩን ነው፤ ስሙ ለሰው ዐይን የተቀመጠ ነው። የቡድኖቹ ዝርዝር ‹ግሩፕ› በሚባል አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። በዚህ ፋይል እያንዳንዱ መስመር በሁለት ነጥብ የተለያዩ አራት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም የቡድኑ ስም፣ የይለፍ ቃል ቦታ፣ የቡድኑ ቁጥርና የአባላቱ ስም ዝርዝር ናቸው። እያንዳንዱ ፋይል ደግሞ ባለቤትና ቡድን ይኖረዋል። ፈቃዱም ለሦስት ወገን ተለይቶ ይሰጣል፤ ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለቀሩት ሁሉ። ፈቃዱ የማንበብ፣ የመጻፍና የማስኬድ ነው።

አስተዳዳሪው ዝርዝሩን የሚለውጥባቸው ትእዛዞች ጥቂት ናቸው። ‹ግሩፕአድ› ቡድን ይፈጥራል፤ ‹ግሩፕሞድ› ስሙን ወይም ቁጥሩን ይለውጣል፤ ‹ግሩፕዴል› ይሰርዛል፤ ‹ዩዘርሞድ› ደግሞ ተጠቃሚውን ወደ ቡድን ያስገባል። ከእነዚህ መካከል ለቃላት ሰው ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው የመጨረሻው ነው። በትእዛዙ ላይ ‹ጂ› የምትባለው ትልቅ ፊደል ብቻዋን ከገባች፣ ተጠቃሚው በተጻፉት ቡድኖች ውስጥ ይገባል፤ ቀድሞ ከነበረባቸውና ካልተጻፉት ተጨማሪ ቡድኖች ሁሉ ግን ይወጣል። ‹ኤ› የምትባለው ትንሽ ፊደል አብራ ከገባች ግን የቀድሞው እንዳለ ሆኖ አዲሱ ይታከልበታል። አንዲት ፊደል በመጨመርና በመመደብ መካከል ቆማለች ማለት ነው። ጀማሪ አስተዳዳሪ ፊደሏን ዘንግቶ ራሱን እንኳ ከአስተዳዳሪዎቹ ቡድን ሊያስወጣ ይችላል፤ ስሕተቱንም የሚያውቀው በሚቀጥለው ጊዜ ሲገባ ነው፤ ለውጡ ሥራ ላይ የሚውለው ተጠቃሚው እንደ አዲስ ሲገባ ነውና።

ሌላው ትምህርት ከታሪኩ የሚገኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ የዩኒክስ ሥርዐቶች አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሊቆም የሚችለው በአንድ ቡድን ውስጥ ብቻ ነበር፤ ወደ ሌላ ለመሄድ ‹ኒውግሩፕ› በሚባል ትእዛዝ ቡድኑን መቀየር ነበረበት። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የብዙ ቡድኖች አባል መሆን የቻለው በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው የዩኒክስ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው አራት ነጥብ ሁለት እትም ነው። ሰው በኑሮው ዕድርተኛም፣ እቁብተኛም፣ ማኅበርተኛም እንደሚሆን ያወቀው መሣሪያ የተገኘው ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ስረዛም የራሱ አደጋ አለው። ቡድን ሲሰረዝ ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል፤ የቡድኑ ንብረት የነበሩት ፋይሎች ግን አይጠፉም፤ በላያቸው ባዶ ቁጥር ተጽፎ ይቀራል። ኋላ ያ ቁጥር ለሌላ አዲስ ቡድን ቢሰጥ አዲሱ ቡድን ያላፈራውን ንብረት ይወርሳል።

የሥልጣን ጥያቄም ከቃሉ አልራቀም። በሥርዐቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ‹ሩት› ይባላል። በአንዳንድ ሥርዐቶች ወደዚህ ሥልጣን መሻገር የሚችሉት ‹ዊል› በሚባል ቡድን ውስጥ ያሉ ብቻ ናቸው፤ ቃሉ ‹ጎማ› ማለት ሲሆን በእንግሊዝኛ የአነጋገር ልማድ ትልቅ ሰውን ያመለክታል። የጂኤንዩ ፕሮጀክት መሥራች ሪቻርድ ስቶልማን ‹ሱ› በሚባለው ፕሮግራማቸው ውስጥ ይህን ገደብ ለማካተት እንቢ አሉ፤ ምክንያታቸውንም በመመሪያው ላይ አስፍረዋል። ጥቂቶች በቀሩት ተጠቃሚዎች ላይ ሙሉ ሥልጣን ይዘው እንዲቆዩ የሚረዳ መሣሪያ ማዘጋጀት አልፈለጉም። በቡድን ዝርዝር ላይ የተነሣ የፍትሕ ክርክር በመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ መገኘቱ ጉዳዩ የቴክኒክ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

፮. ቃላቱን ስንመዝን

ከዚህ በላይ የተባለው የገባርን መከራ ከኮምፒዩተር ዝርዝር ጋር ለማስተካከል አይደለም። አንደኛው በሰው ሥጋና ነፍስ ላይ የደረሰ ነው፤ ሁለተኛው የፋይል አጠባበቅ ነው። የሚያገናኛቸው ቃሉ ነው። አማርኛ ለመመደብ፣ ለመጠቀም፣ ለባለቤትነት ያለውን ትክክለኛ ስሜት ያገኘው እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ አልፎ ነውና፣ ያን ስሜት ጥሎ ቃሉን ብቻ መውሰድ አይቻልም። በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመው የአማርኛ መርሐ ልሳን ጀምሮ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በኩል እስከ 1989ኙ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የደረሰው የሙያ ቃላት ሥራ በቋንቋው ውስጥ ያለውን ሀብት መመርመርን እንደሚያስቀድም የታወቀ ነው። በዚሁ መንገድ የሚከተለውን እናቀርባለን።

ሀ) ቡድን። የመሣሪያው ቡድን በጠባዩ ምድብ ነው፤ አባሉ አይመርጠውምና። ይሁን እንጂ ‹ቡድን› የሚለው ቃል በተጠቃሚዎች ዘንድ ተለምዷል፤ የለመደን ቃል መንቀል ጥቅሙ ያነሰ ነው። ስለዚህ ስሙ ‹የተጠቃሚ ቡድን› ሆኖ ይቆይ፤ ልዩነቱን ግን ግሦቹ ይሸከሙት።

ለ) መጨመርና መመደብ። የቀድሞውን ሳይነካ ማከል ‹መጨመር› ይባል፤ የቀድሞውን ሽሮ በአዲስ ዝርዝር መተካት ‹መመደብ› ይባል። ‹ተማሪውን በቡድኑ ላይ ጨምረው› እና ‹ተማሪውን በእነዚህ ቡድኖች መድበው› የሚሉት ዐረፍተ ነገሮች በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በጥብቅ ከተለዩ፣ ፊደሏን የሚዘነጋ ተማሪ ቁጥር ይቀንሳል። ‹ማስገባት› የሚለው ሁለቱንም ስለሚያሰማ ለዚህ ሥራ አይመችም።

ሐ) ዋና ቡድንና ተጨማሪ ቡድን። ተጠቃሚው ሲፈጠር የሚሰጠው ‹ዋና ቡድን›፣ ኋላ የሚታከሉት ‹ተጨማሪ ቡድኖች› ይባሉ። ‹ዋና› የበላይነትን ሳይሆን መነሻነትን እንደሚያመለክት በፍቺው ላይ ይጠቀስ።

መ) ፈቃድና መብት። በፋይል ላይ የሚሰጠው ‹ፈቃድ› እንጂ ‹መብት› መባል የለበትም። ፈቃድ ሰጪ አለው፤ የሰጠውም ሊነሣው ይችላል። መብት ግን በሰውነት የሚገኝ እንጂ ከአስተዳዳሪ የሚቀበሉት አይደለም። ብዙ ጽሑፎች ሁለቱን እያፈራረቁ መጠቀማቸው ለመሣሪያው ቀላል ስሕተት ቢሆንም ለቋንቋው ግን ከባድ ነው።

ሠ) ባለቤትና ባለይዞታ። በሊኑክስ የፋይል ባለቤት የሚባለው ተጠቃሚ ፈቃዱን ሊያሰፋና ሊያጠብ ይችላል፤ ፋይሉን ለሌላ ሰው በባለቤትነት ማስተላለፍ ግን በተለመደው አሠራር አይችልም፤ ይህ የሙሉ ሥልጣን ባለቤቱ ድርሻ ነው። የፋይሉን ቡድን መለወጥ የሚችለውም ራሱ አባል ወደ ሆነበት ቡድን ብቻ ነው። በአማርኛ ለዚህ ሁኔታ የተዘጋጀ ቃል አለ፤ እርሱም ‹ባለይዞታ› ነው። ‹ባለቤት› እጅግ የተለመደ በመሆኑ ለአጠቃላይ አጠቃቀም ይቆይ፤ በፍቺው ላይ ግን ‹የባለይዞታ ዐቅም ያለው› የሚል ማብራሪያ ይታከልበት። ገበሬ ወላጆች ያሉት ተማሪ ይህን ማብራሪያ ከማንኛውም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይልቅ ፈጥኖ ይረዳዋል።

ረ) ሩት። ‹ሥር› ብሎ በቀጥታ መተርጎም ያደናግራል፤ በአማርኛ ሥር ከታች ያለ ነው፤ ‹በእገሌ ሥር› የሚባለውም የሚታዘዘው ነው። በመሣሪያው ግን ከሁሉ በላይ የሚያዘው ይህ ተጠቃሚ ነው። ‹ባለሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ› ማለት ይሻላል።

ሰ) ተጠቃሚ። ‹ተገልጋይ› የሚለውም ቀርቦ ያውቃል፤ ተገልጋይ ግን ቢሮ መጥቶ የሚስተናገድ ሰውን ያስባል። ‹ተጠቃሚ› በራሱ እጅ የሚሠራውን ይገልጻል፤ ከባለቤት የሚለይበትም ድንበር በመሬት ሕጋችን የታወቀ ነው። ስለዚህ ይጽና።

ሸ) የቡድን ስም። በተለመደው የሊኑክስ ደንብ የተጠቃሚና የቡድን ስም የሚጻፈው በላቲን ትናንሽ ፊደላት፣ በቁጥርና በጥቂት ምልክቶች ነው፤ ርዝመቱም ከ32 ፊደል አይበልጥም። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ቢካተትም ይህ ጠባብ በር ገና አልተከፈተለትም። ስለዚህ የሚዛን ወይም የቴፒ አስተዳዳሪ ቡድኑን በባዕድ ፊደል ለመሰየም ይገደዳል። በዚህ ጊዜ አባላቱ ራሳቸውን የሚጠሩበትን ስም በጥንቃቄ ወደ ላቲን ፊደል ማስገባት እንጂ ለጽሕፈት የቀለለውን መምረጥ አይገባም።

፯. መደምደሚያ

ማጂ ራሱ ከአንድ ምድብ ወደ ሌላ ምድብ ሲዘዋወር የኖረ አገር ነው። በካፋ ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበረ፤ በደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በቤንች ማጂ ዞን ታቅፎ ኖረ፤ ዞኑ ሲከፈል ወደ ምዕራብ ኦሞ ገባ፤ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ሆነ። በእያንዳንዱ ለውጥ መዝገቡ ተለውጧል፤ ደጋውም ሕዝቡም በቦታቸው አሉ።

ከዚህ የምንማረው ዝርዝርን መጥላት አይደለም፤ ያለ ዝርዝር ትምህርት ቤትም፣ ሆስፒታልም፣ የኮምፒዩተር ክፍልም አይተዳደርም። የምንማረው ዝርዝሩን የሚይዝ ሰው የሚያደርገውን በትክክለኛ ስሙ መጥራት እንዳለበት ነው። የሚመድብ ሰው ‹ጨመርሁ› ማለት የለበትም፤ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ‹መብት ሰጠሁ› ማለት የለበትም፤ በትእዛዝ ያቆመውን ስብስብ ሰዎቹ ራሳቸው የተቧደኑበት አድርጎ ሊያቀርብ አይገባም። የ1967ቱ ማኅበር እንደሚያሳየን ቃልና ሥራ ከተለያዩ መጀመሪያ የሚጎዳው ቃሉ ነው፤ ቀጥሎ በቃሉ የሚታመነው ሰው ነው።

ከላይ ያቀረብናቸውን አቻዎች የኮምፒዩተር ሙያ መምህራን በመማሪያ ክፍል እንዲሞክሩዋቸው፣ በተለይም ‹ጨምር› እና ‹መድብ› የሚለውን ልዩነት በተግባር እንዲፈትሹት እንጠይቃለን። በደቡብ ምዕራቡ አገር የሚያስተምሩትም ተማሪዎቻቸው በዲዚኛ፣ በቤንችኛ፣ በሸክኛና በካፊኛ ለእነዚህ ጽንሰ ሐሳቦች የሚሰጡዋቸውን ስሞች ቢሰበስቡልን፣ የአማርኛውን ፍቺ ለማጥራትም ሆነ ለቋንቋዎቹ የየራሳቸውን የሙያ ቃላት ለማዘጋጀት የሚጠቅም መነሻ ይሆናል።